ልጓም አልቀበል ላለ ብርቱ ፈረስ የሚስማማ ልጓም አመራረጥ

በደሴና በአካባቢዋ ፈረሱ እጅ አልሰጥ ብሎ ያስቸገረው ሰው ምክር ሲጠይቅ ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው መልስ «ጠንከር ያለ ልጓም አድርግለት» የሚል ነው። እኔም ከደላንታ በኩል የመጣ አንድ ዳማ ፈረስ በገዛሁበት ዓመት ይህንኑ ምክር ተቀብዬ፣ የታችኛውን መንጋጋ በቀለበት የሚጨብጠውን የድሮውን ዓይነት ልጓም ከገበያ ገዝቼ አደረግሁለት። ለሁለት ቀን ፈረሱ የታዘዘ መሰለኝ። በሦስተኛው ቀን ቦሩ ሜዳ ላይ «ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው» እንደሚባለው ሆነና፣ ገና በሶምሶማ ሳለ አንገቱን ሰቅሎና አፉን ከፍቶ ሽምጥ ወጣ፤ ዛቡን፣ ማለት ጋላቢው በእጁ የሚይዘውን የልጓም ጠፍር፣ በሳብሁ ቁጥር ፍጥነቱ ይጨምር ነበር፤ የቆመውም ርጥብ እርሻ ውስጥ ገብቶ እግሩ ሲያዝ ነው። ማታ አፉን ከፍቼ ስመለከት ምላሱ ላይ ከዳር እስከ ዳር የተጋደመ ሰማያዊ ሰንበር አገኘሁ። ያሯሯጠው ራሱ ልጓሙ ነበር።

ፈረስ ሲያመው የሚያውቀው መድኃኒት መሸሽ ነው። የጅራፍን ሕመም ሸሽቶ ሊያመልጠው ይችላል፤ አፉ ውስጥ ያለው ሕመም ግን አብሮት ይሮጣል፤ በሮጠ ቁጥር ጋላቢው ይስባል፣ በተሳበ ቁጥር ፈረሱ ይሮጣል። ስለዚህ ከዚህ በታች በሚቀርበው አካሄድ ልጓሙ የሚመረጠው ሌላው ነገር ሁሉ ከታየ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን መገልበጥ እኔን ሦስት ልጓምና አንድ የክረምት ወራት አስከፍሎኛል።

አፉን መመርመር

ፈረሱን በለኮ (አፍ ውስጥ በማይገባው የራስ ማሰሪያ ገመድ) ብቻ አስይዘው፣ ጸጥ ባለ ቦታና በቀን ብርሃን ይጀምሩ። መጀመሪያ የሚታየው የከንፈሩ ማዕዘን ነው። እዚያ የተሰነጠቀ፣ የተላጠ ወይም እንደ ቆዳ ጫማ የደደረ ቦታ ካለ፣ ወይም በዳማ ፈረስ ላይ ነጭ ጠጉር በቅሎበት ከሆነ፣ ፈረሱ ከዚህ ቀደም በልጓም ቆስሎ የዳነ ነው፤ የአሁኑ እምቢታውም ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ አውራ ጣትዎን በከንፈሩ ማዕዘን በኩል ያስገቡ። በፊት ጥርሶቹና በመንጋጋ ጥርሶቹ መካከል ጥርስ የሌለበት ባዶ ድድ አለ፤ ልጓም የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። ድዱ ስስ ነው፤ ከሥሩ ወዲያውኑ የሚገኘው የመንጋጋው አጥንት ሲሆን፣ ጠርዙም በአንዳንድ ፈረስ ላይ እንደ ቢላዋ ጀርባ ቀጭን ነው። የግራውንና የቀኙን ድድ በጣትዎ ጫፍ በቀስታ እየዳሰሱ ያነጻጽሩ፤ እብጠት፣ ጉድጓድ ወይም ሲነካ ፈረሱን የሚያስደነግጥ ቦታ ካገኙ ልጓም ማድረጉን በዚያው ያቁሙ። ጣትዎን ግን ወደ ውስጥ አያርቁ፤ የኋላ መንጋጋው አጥንት ይሰብራል።

በተለይ ሊፈለግ የሚገባው፣ በላይኛው መንጋጋ ከመጀመሪያው ትልቅ ጥርስ ፊት ለፊት አንዳንድ ፈረስ ላይ የምትበቅለው ትንሽ ጥርስ ናት። ሁሉም ፈረስ ላይ የለችም፤ ባለችበትም ላይ ለማኘክ አትጠቅምም፤ አንዳንዴም ድዱን ሳትበሳ ከሥሩ ተደብቃ ትቀራለች። ልጓሙ ወይም በልጓሙ የተገፋው የጉንጭ ሥጋ እርሷን በነካ ቁጥር ፈረሱ ይንቀጠቀጣል። የእኔው ዳማ በግራ በኩል ሽምብራ የምታክል ነበረችው፤ ወደ ግራ ስመልሰው ብቻ አንገቱን የሚያጣምምበት ምክንያት የገባኝ ያን ጊዜ ነው። የእንስሳት ሐኪም አደንዝዞ አወጣለት፤ ቁስሉ እስኪጠግግ ድረስም ያለ ልጓም አቆየሁት። ይህችን ጥርስ በጉጠት ለመንቀል የሚደፍር ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም፤ ሥሯ ከተሰበረ ግን ስብርባሪው ድዱ ውስጥ ቀርቶ ሕመሙን የባሰ ያደርገዋል። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ላይ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለው፤ በየወረዳው ያሉትን የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች መጠየቅም ይቻላል።

የመንጋጋ ጥርሶቹን ስለት ለማወቅ እጅ ወደ ውስጥ ማስገባት አያስፈልግም። ከውጭ ሆነው ጉንጩን በመዳፍዎ ወደ ላይኞቹ ጥርሶች ጫን ይበሉ፤ ፈረሱ ራሱን ከነጠቀ የጥርሶቹ ውጫዊ ጠርዝ ሾሏል ማለት ነው። የፈረስ ጥርስ ዕድሜውን ሙሉ እየወጣና እየተፋቀ የሚሄድ በመሆኑ የላይኞቹ በጉንጩ በኩል፣ የታችኞቹ በምላሱ በኩል ስለት ያበጃሉ። ያላመጠውን ገለባ ጠቅልሎ የሚተፋ፣ በፋንድያው ውስጥ ያልተፈጨ ገብስ የሚታይበት፣ ወይም ሲበላ ራሱን ወደ አንድ ጎን የሚያዘነብል ፈረስም ለሐኪም መታየት አለበት። በዓመት አንድ ጊዜ ማስመርመርና ማስሞረድ ለግልቢያ ፈረስ የተለመደ እንክብካቤ ነው። ፈረሱ ከ2 ዓመት ተኩል እስከ 4 ዓመት ተኩል ባለው ዕድሜ ላይ ከሆነ ደግሞ የወተት ጥርሶቹን እየጣለ ስለሆነ አንድ ሰሞን ልጓም ቢጠላ አይደንቅም፤ መታገስ ይበጃል።

በመጨረሻ ምላሱንና ላንቃውን ይመልከቱ። አፉ ገጥሞ ሳለ ከንፈሩን በጎን ገለጥ ሲያደርጉ ምላሱ በባዶው ድድ ላይ ሞልቶ ወደ ውጭ ካበጠ፣ በዚያ አፍ ውስጥ ለወፍራም ብረት ቦታ የለም። በአገራችን ትንንሽ ፈረሶች ላይ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። «ወፍራም ልጓም ለስላሳ ነው» የሚለው አባባል በእነርሱ ላይ ሁልጊዜ አይሠራም።

አፍ ውስጥ የሌለ ምክንያት

አፉ ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ ኮርቻውን አውርደው የጀርባውን አጥንት ግራና ቀኝ በጣት ይጫኑ፤ የተላጠ ወይም የሚያመው ጀርባ ያለው ፈረስ ከኮርቻው ሥር ለመሸሽ ሲሮጥ ልጓም የናቀ ይመስላል። መኖውም ይቈጠራል፤ ሳምንቱን ሙሉ ገብስ እየበላ ታስሮ የሚሰነብት ሰንጋ እሑድ ሲፈታ ቢፈነጥዝ ጥፋቱ የባለቤቱ ነው። ሌላው፣ ለመናገር የሚከብደው፣ የጋላቢው እጅ ነው፤ ሚዛኑን በእርካብና በጭኑ ሳይሆን በዛቡ የሚጠብቅ ጋላቢ በየእርምጃው የፈረሱን አፍ ይቀጠቅጣል። ይህን ለመለየት ፈረሱን እጁ የሰከነ ሌላ ሰው እንዲጋልበው ያድርጉ። በእርሱ ሥር ጸጥ ካለ፣ የልጓም ዋጋ ከማውጣት በፊት መቀመጥን መማር ይቀድማል።

ልክ መውሰድ

ልክ ለመውሰድ የትንሽ ጣት ውፍረት ያለው፣ ልጣጩ የተላጠና የለሰለሰ ቀጥ ያለ እንጨት ይበቃል። እንጨቱን ልጓሙ በሚያርፍበት ቦታ አግድም አስገብተው፣ ከንፈሩን ሳይጨመድዱ ግራና ቀኝ በከሰል ምልክት ያድርጉ፤ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለውን በሴንቲ ሜትር ለክተው ግማሽ ሴንቲ ሜትር ይጨምሩበት። እኔ በዚህ ዘዴ የለካኋቸው የአካባቢያችን ፈረሶች አብዛኞቹ ከ11 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ተኩል ድረስ ነው የወጡት። ከውጭ የሚመጣው ያገለገለ ልጓም ግን ብዙ ጊዜ ለትልልቅ ፈረስ የተሠራ 13 ሴንቲ ሜትር ተኩል ወይም ከዚያ በላይ ነው። የሰፋ ልጓም አንዱን ዛብ ሲስቡ ወደ ጎን ይንሸራተታል፤ መጋጠሚያ ያለው ከሆነ መጋጠሚያው ከመሀል ወጥቶ አንዱን ድድ ይወጋል። የጠበበው ደግሞ ከንፈሩን በቀለበቱ ይቆነጥጣል።

ውፍረቱን ከቀለበቱ 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ገባ ብሎ ይለኩ። ለአማካይ አፍ 14 ሚሊ ሜትር ጥሩ መነሻ ነው፤ ምላሱ ለሞላ ትንሽ አፍ 12 ሚሊ ሜትር የተሻለ ሊመች ይችላል። ከዚያ እየቀጠነ በሄደ መጠን ክብደቱ በጠባብ መሥመር ላይ ስለሚያርፍ ይቆርጣል።

ስለ ብረቱ ዓይነት ብዙ አልልም፤ የማይዝግ ብረት ለማጽዳት ይቀላል፤ መዳብ የተቀላቀለበትን አንዳንድ ፈረስ ይወደዋል። አንድ ነገር ግን ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ በየብየዳ ቤቱ ከግንባታ ፌሮ ተቆርጦ የሚሠራው ልጓም በፌሮው ላይ ያለውን ሸንተረር ሳይሞረድ ይዞ ይቀራል። የትኛውንም ልጓም ከመግዛትዎ በፊት ትንሽ ጥጥ ይዘው ብረቱን፣ መጋጠሚያውንና የቀለበቱን ቀዳዳ ዙሪያውን ይጥረጉበት፤ ጥጡን የያዘ ቦታ ሁሉ ምላስና ከንፈር ይይዛል። ሻጩ ቢስቅም ጥጡን ይዘው ይሂዱ።

የፈረሱን ጠባይ አይቶ ዓይነቱን መምረጥ

ልጓም በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ዛቡ በቀጥታ ከአፍ ብረቱ ቀለበት ጋር የሚታሰርበት፣ ስናፍል የሚባለው ነው፤ በእጅ የተሳበው ያህል አፍ ላይ ይደርሳል። ሁለተኛው ከአፍ ብረቱ ወደ ታች የወረደ ክንድና የአገጭ ሰንሰለት ያለው ነው። ለአስቸጋሪ ፈረስ ሙከራው የሚጀመረው ከመጀመሪያው ነው፤ እዚያው ውስጥም ምርጫው ሰፊ ስለሆነ፣ ፈረሱ የሚያደርገውን እያነበቡ መሄድ ያስፈልጋል።

ዛቡ ሲላላ ጸጥ ብሎ፣ ሲሳብ አፉን የሚከፍትና ራሱን የሚሰቅል ፈረስ ብዙውን ጊዜ የሚያማርረው መሀሉ ላይ አንድ መጋጠሚያ ያለውን ብረት ነው። ሁለቱም ዛብ ሲሳብ ይህ ብረት እንደ ጉጠት ይታጠፋል፤ ምላሱን ግራና ቀኝ ጨምቆ፣ ላንቃው ዝቅተኛ በሆነ ፈረስ ላይ ጫፉ ወደ ላይ ይወጋል። ለዚህ ፈረስ ሁለት መጋጠሚያ ኖሮት መሀሉ ላይ የባቄላ ፍሬ የሚመስል ለስላሳ ቁራጭ ያለውን ይሞክሩ። ለውጡን በራስዎ ላይ ማየት ይችላሉ፤ ሁለቱን ልጓሞች በየተራ ክርንዎ አጠገብ ክንድዎ ላይ አድርገው ሌላ ሰው ዛቡን ይሳብልዎ። እኔ ከዚህ ሙከራ በኋላ ባለ አንድ መጋጠሚያውን ለዳማው አላደረግሁለትም።

ያለ ማቋረጥ ልጓሙን የሚያላምጥ፣ ራሱን የሚነቀንቅና በአፉ የሚጫወት ፈረስ ደግሞ የሚፈልገው ጸጥ ያለ ብረት ነው። ቀለበቱ በቀዳዳ ውስጥ የሚሽከረከረው ልጓም እያንዳንዷን የእጅ ንቅናቄ አፉ ውስጥ ያደርሳል፤ ቀለበቱ ከአፍ ብረቱ ጋር ተያይዞ የተሠራውና መሀሉ ሳይታጠፍ ለምላስ በመጠኑ የጎበጠው ግን ይረጋለታል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በስሱ እያላመጠ ከንፈሩ ላይ ጥቂት አረፋ የሚያሳይ ፈረስ ደኅና ነው። የሚያሳስበው ጥርሱን የሚያፋጭ፣ ምላሱን ወደ ጎን የሚያወጣ ወይም አፉን አድርቆ የሚነክስ ነው።

በእጅ ላይ የሚደገፈው ፈረስ የዚህ ተቃራኒ ነው። ራሱን ዝቅ አድርጎ ክብደቱን ሁሉ በዛቡ ላይ ይጥላል፤ ከአንድ ሰዓት ጉዞ በኋላ ትከሻዎን ያምዎታል። ለእርሱ የማይታጠፍ ብረት ከሰጡት እንደ ምርኩዝ ይጠቀምበታል፤ ስለዚህ የሚሽከረከር ቀለበትና ሁለት መጋጠሚያ ያለው፣ ሊደገፉት ሲሉ የሚሸሽ ልጓም ይሻለዋል። ይህም የሚሠራው ጋላቢው አብሮ ካልሳበ ነው። ጉልበት በጉልበት ከሆነ ፈረሱ ሁልጊዜ ያሸንፋል፤ ይስቡ፣ ወዲያው ያላሉ፣ እንደገና ይስቡ፤ የሚደገፍበት ነገር አይስጡት።

ምላሱን በብረቱ ላይ አሻግሮ የሚያወጣ ፈረስ ሲያጋጥም መጀመሪያ ልጓሙ ዝቅ ብሎ እንዳልታሰረ ይታይ፤ አንድ ቀዳዳ ከፍ በማድረግ ብቻ የተተወ ጠባይ አውቃለሁ። ካልተወ ለምላስ ሰፋ ያለ ጉብታ ያለውን ይሞክሩ፤ አፉን በጠፍር ጠፍሮ ማሰር ግን ሕመሙን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም። አገጩን ወደ ደረቱ ሰብስቦ ብረቱን ሳይነካ የሚሮጠው ፈረስ ፈሪ ነው፤ ለእርሱ አንድ ሰሞን አፍ ውስጥ ምንም የማይገባበት፣ በአፍንጫው አጥንት ላይ በሚያርፍ ሰፊ ጠፍር የሚሠራ መግቻ ከልጓም ሁሉ ይበልጣል። ወደ አንድ ጎን አልዞርም ለሚል ወጣት ፈረስ ከቀለበቱ ጋር ጉንጩን ከውጭ የሚገፋ ዘንግ ያለው ልጓም ይረዳል።

ክንድ ያለው ልጓምና የቀለበት ልጓም

ክንድ ያለውን ልጓም ለመፍረድ መለኪያ ይዞ መቅረብ ነው። ከአፍ ብረቱ በላይ ያለው ክንድ 4 ሴንቲ ሜትር፣ ከታች ያለው 12 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ በእጅ የተሳበው 2 ኪሎ የአገጩ ሰንሰለት ላይ 6 ኪሎ ያህል ሆኖ ይጠብቃል፤ ምላስና ድድ ላይ ደግሞ የሁለቱ ድምር፣ ወደ 8 ኪሎ ያርፋል። ጋላቢው ደንግጦ በሙሉ ክንዱ 15 ኪሎ ቢስብ አፉ ላይ የሚደርሰውን እርስዎ ያስሉት። እንደ ቢላዋ ጀርባ ቀጭን ነው ያልሁትን አጥንት እዚህ ላይ ያስታውሱ።

የድሮው የቀለበት ልጓማችን በዚሁ መንገድ የሚሠራ ሲሆን፣ መንጋጋውን ዙሪያውን ስለሚከብብ የበለጠ ብርቱ ነው። የተሠራበትን ዘመን ግን ማሰብ ያስፈልጋል። በአድዋ ዘመቻ ከራስ ሚካኤል፣ በፈረስ ስማቸው ከአባ ሻንቆ ጋር የዘመተው የወሎ ፈረሰኛ በአንድ እጁ ጋሻ፣ በሌላው ጦር የሚይዝ ነበረ፤ ፈረሱ በጭንና በሰውነት ሚዛን የሚመለስ፣ ዛቡ በጣት ጫፍ ብቻ የሚነካ መሆን ነበረበት። ያንን ልጓም ዛቡን በሁለት እጁ አንቆ ለሚጋልብ ጀማሪ መስጠት ምላጭን ለሕፃን እንደመስጠት ነው። ፈረሱ በቀላሉ ልጓም ሠልጥኖ፣ ጋላቢው እጁን ገርቶ፣ ለጉግስ ወይም ለተመሳሳይ ጨዋታ የሚፈለግ ከሆነ፣ ክንዱ አጭር የሆነውን መርጦ በልክ መጠቀም ይቻላል። የአገጩ ሰንሰለት ጠፍጣፋ ሆኖ መታሰር አለበት፤ ክንዱ ወደ ኋላ 45 ዲግሪ ያህል ሲሄድ ብቻ ሊጠብቅ ይገባል፤ ዛቡ ሳይሳብ ሁለት ጣት በሰንሰለቱና በአገጩ መካከል መግባት አለበት።

ማሰር

የተመረጠው ልጓም ሲታሰር በከንፈሩ ማዕዘን ላይ አንድ ወይም ሁለት ትንሽ ጭምድ መታየት አለበት፤ ከዚያ ከበለጠ ተወጥሯል፤ ጭምድ ከሌለ ደግሞ በወንዱ ፈረስ ላይ ከ4 እስከ 5 ዓመቱ የሚበቅለውን ክራንቻ ይመታል። የአፍንጫ ጠፍር ካለ በጠፍሩና በአፍንጫው አጥንት መካከል ሁለት ጣት ይግባ። ደሴ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ውርጭ ሲኖር ብረቱን በእጅ ወይም በለብ ያለ ውሃ ሳያሞቁ አፉ ውስጥ አያስገቡ፤ ልጓም ሲያይ ራሱን የሚያሸሽ ፈረስ ጠባዩን የተማረው ከዚህ ሊሆን ይችላል። ከተጋለበ በኋላ የደረቀው ምራቅና ጭድ ብረቱ ላይ ሻክሮ ስለሚያድር በየቀኑ ማጠብ ግዴታ ነው።

ሙከራ

አዲሱን ልጓም በመጀመሪያው ቀን ያለ ዛብ ለ20 ደቂቃ ያህል ይዞት እንዲቆም ያድርጉ። በማግስቱ በእግር ሆነው ከጎኑ እየሄዱ ግራ፣ ቀኝና መቆምን ይሞክሩ። በሦስተኛው ቀን በአጥር ውስጥ በርምጃ ብቻ ይጋልቡ፤ በየአሥር እርምጃው እያቆሙ፣ በቆመ ቅጽበት ዛቡን ሙሉ በሙሉ ያላሉለት። ሶምሶማው የሚመጣው በርምጃ ሳይታገል ሲቆም ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ፤ ልጓሙን፣ ኮርቻውንና ጋላቢውን በአንድ ቀን የቀየረ ሰው የትኛው እንደረዳው አያውቅም። ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ሳይጠብቁም አይፍረዱ፤ ብዙ ፈረስ በማንኛውም አዲስ ልጓም የመጀመሪያውን ሁለት ቀን ጨዋ ነው።

ለአደጋ ጊዜ ደግሞ የአንድ ዛብ ማቆሚያን በዝግታ ያስተምሩት፤ አንዱን ዛብ ቀስ በቀስ ወደ ጉልበትዎ እየሰበሰቡ አንገቱን ወደ ጎን ማጠፍ፣ በክብ ማዞርና ሲቆም መልቀቅ ነው። በርምጃ ያልለመደውን ፈረስ በሽምጥ ላይ በድንገት ቢያጥፉት ሊወድቅ ይችላል።

ከዚህ በኋላ ሰፊ ሜዳ፣ ከዚያም ሌሎች ፈረሶች ያሉበት ሜዳ ይሞከራል፤ ብቻውን ጸጥ የሚል ፈረስ ከጓደኞቹ ጋር ሌላ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው የሐረጎ ጠመዝማዛ ቁልቁለት የመጨረሻው ፈተና ነው፤ ፈረሱ ቁልቁል ሲሄድ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያደላ በልጓሙ ላይ መደገፍ ይቀናዋል፤ ሲኖትራክ ከመታጠፊያው ድንገት ብቅ ሲል ደግሞ ጋላቢው ሳያስበው ዛቡን ይነጥቃል። ዳማውን እዚያ ያወረድሁት ባለ ሁለት መጋጠሚያውን ልጓም ከለመደ ከሁለት ወር በኋላ፣ ገና ሲነጋ፣ መኪና ሳይበዛ ነው። ሁለት ቦታ ላይ ወርጄ በእግሬ መራሁት፤ ኮምቦልቻ ደርሼ ቦርከና ዳር ውሃ ሲጠጣ ከንፈሩን ገልጬ አየሁ፤ ድዱ ላይ ምልክት አልነበረም።